ከመቶ ሦስቱ፤ ከመስመር የወጡ ጋላክሲዎች ታሪክ

የጋላክሲ ሥዕል አምጡ ብንባል ሁላችንም የምናመጣው አንድ ዓይነት ነው። መሐሉ የሚያበራ፣ ክንዶቹን በዙሪያው የጠመዘዘ፣ ቆሞ እንኳ የሚሽከረከር የሚመስል ውብ ነገር። ደብተር ሽፋን ላይ የሚታተመው፣ ኮምፒዩተራችን ስክሪን ላይ የምንለጥፈው እሱን ነው። ዛሬ የምናወራው ግን የቤተሰብ ፎቶ ሲነሣ ወደ ጥግ ስለሚገፉት ዘመዶቹ ነው። ረጅም ጭራ ስለሚጎትቱት፣ በብርሃን ድልድይ እርስ በርስ ስለተያያዙት፣ ክንድ የሚባል ነገር ጠፍቷቸው ቀለበት ስለሆኑት፤ በአጭሩ ቅርፃቸው «ጤነኛ» ስላልመሰለው ጋላክሲዎች።

ነገሩን ያነሣነው እንዲያው ለመደነቅ ብቻ አይደለም። ታሪካቸው ስለ ሰማይ የሚናገረውን ያህል ስለ ሰዎችም ይናገራል። ሳይንስ ያየውን ሁሉ በየመደቡ ደረደረ፤ መደቡ ውስጥ አልገባ ያለውን «ለየት ያለ» ብሎ ወደ ጎን አደረገ። ኋላ ሲታይ ግን የሌሎቹን የትውልድ ታሪክ ይዘው የተገኙት እነዚያው ወደ ጎን የተደረጉት ናቸው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነውና ከሥሩ እንጀምር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የባላባቱ ቴሌስኮፕ

ሻርል ሜሲዬ የተባለው ፈረንሳዊ ሥራው ጅራታም ኮከብ ማደን ነበር። ሰማይ ላይ ጭጋግ ባየ ቁጥር «አዲስ አገኘሁ» እያለ እንዳይሞኝ፣ አሳሳች የሆኑትን ጭጋጎች እየለየ በቁጥር መዘገባቸው። በ1773 ያገኘው፣ በመዝገቡ 51ኛ የሆነው ጭጋግ ዛሬም «ኤም 51» ይባላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከቀደሙት የጋላክሲ መዝገቦች አንዱ «እነዚህን አትዩ» የሚል ዝርዝር ነበር ማለት ነው።

ከ72 ዓመት በኋላ፣ በ1845፣ ዊልያም ፓርሰንስ የተባለ የአየርላንድ ባላባት (በማዕረግ ስሙ ሎርድ ሮስ) ቢር በተባለው ርስቱ ላይ አንድ ግዙፍ ቴሌስኮፕ ተከለ። መስታወቱ ከመዳብና ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠራ ሲሆን ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከ83 ሳንቲ ሜትር ነበር። በስፋት የሚበልጠው ቴሌስኮፕ እስከ 1917 ድረስ አልተገኘም። ሮስ በዚህ ቴሌስኮፕ ኤም 51ን ተመለከተና ጭጋጉ ጭጋግ ብቻ እንዳልሆነ አየ፤ ጥምዝ ክንዶች አሉት። እንዲህ ያለውን ጭጋግ ፎቶ ማንሣት ገና ያልተቻለበት ጊዜ ስለነበር ያየውን በእጁ ሣለው። ያው ዓመት ለአየርላንድ ሌላም ነገር ይዞ መጣ። የድንች በሽታ እርሻውን አወደመውና ታላቁ ረሃብ ጀመረ፤ ሮስም ከኮከቦቹ ዘወር ብሎ በርስቱ ላይ ወደሚራበው ሕዝብ ፊቱን መለሰ።

ሥዕሉ ላይ ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ከጥምዙ ክንዶች በአንዱ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ብርሃን ተንጠልጥላለች። ዛሬ ከኤም 51 አጠገብ ያለች ሌላ ጋላክሲ መሆኗን እናውቃለን። በዚያን ጊዜ ግን የብዙዎቹን ቀልብ የሳበው ጥምዙ ነበር። ገና በመወለድ ላይ ያለ የፀሐይ ሥርዓት ነው ብለው የተነተኑም ነበሩ። ጎረቤቲቱ ለጥምዙ ቅርፅ ምን ድርሻ አላት ለሚለው ጥያቄ መልስ እስኪገኝ 127 ዓመት ፈጀ።

አባትየው፣ ልጅቷ እና የሃብል ሹካ

እነዚህ ጭጋጎች ከኛው የኮከብ መንደር፣ ከፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ናቸው ወይስ ውጭ? በሚያዝያ 1920 ሃርሎ ሻፕሊ እና ሄበር ከርቲስ ዋሽንግተን ላይ ተከራከሩበት፤ አሸናፊው ሳይለይ ተለያዩ። የፈታው ኤድዊን ሃብል ነው። በ1923 በካሊፎርኒያው ማውንት ዊልሰን ሆኖ አንድሮሜዳ በተባለው ጭጋግ ውስጥ «ሴፌይድ» የሚባል ዓይነት ኮከብ አገኘ። ይህ ኮከብ በየጊዜው ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፤ ድምቀቱ የሚመላለስበት ጊዜ እውነተኛ ጉልበቱን እንደሚናገር ደግሞ ሄንሪዬታ ሌቪት በ1912 አሳይታ ነበር። እውነተኛ ጉልበቱ ከታወቀ፣ ደብዝዞ በሚታይበት መጠን ርቀቱ ይሰላል። ሂሳቡ ሲሠራ አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ሆነ። በዛሬው ልኬት ርቀቱ 2 ሚሊዮን ተኩል የብርሃን ዓመት ነው።

እዚህ ላይ አንዲት የኛ የሆነች ጉዳይ አለችና ሳንነካት አናልፍም። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ እና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት። (ግሪኮቹ ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ማለታቸው እንደነበር አንርሳ፤ ቶሎ ብለን ፓስፖርት አንስጣት።) «ሴፌይድ» የሚለው ስምም የመጣው በአባትየው ስም ከሚጠራው የኮከብ ስብስብ ነው። የልጅቷ ርቀት የተለካው በአባቷ ስም በተጠራ ኮከብ ነው ማለት ነው።

ወደ ቁም ነገራችን እንመለስ። ሃብል በ1926 የጋላክሲዎችን ቅርፅ በመደብ ከፋፈለ። ከመቶ 23 ሞላላ፣ 59 ጥምዝ፣ 15 መሐሉ ላይ ዘንግ ያለበት ጥምዝ። የቀሩት ከመቶ ሦስቱ «ቅርፅ አልባ» ተባሉ። በ1936 መጽሐፉ ላይ መደቦቹን ሁለት ጣት ባለው ሹካ ላይ ደርድሮ አሳየ። ሦስቱ በመቶ ሹካው ላይ ቦታ አልነበራቸውም። ጭራ እና ድልድይ የነበራቸውም ወይ ከነሱ ጋር ተጣሉ፣ ወይ በሚቀርባቸው መደብ ገብተው «ለየት ያለ» የሚል ቅጽል ተለጠፈባቸው።

ሃብልን መውቀስ አይገባም። መደብ ሳይኖር ሥራ አይጀመርም፤ ሹካውም እስከ ዛሬ ድረስ ያገለግላል። ችግሩ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንዲሉ፣ ለመጀመሪያ የተሠራ መደብ የመጨረሻ ፍርድ መምሰሉ ነው። ጋላክሲ ማለት ራሱን ችሎ ብቻውን ተወልዶ፣ ብቻውን የሚያረጅ ደሴት ተደርጎ ታየ።

74 አምፖሎች

ይህን የደሴት ሐሳብ ከተጋፉት መካከል ኤሪክ ሆልምበርግ የተባለ ስዊድናዊ አለበት። ዘመኑ 1941 ነው፤ አውሮፓ በጦርነት ላይ ናት፤ ኮምፒዩተር የሚባል መሣሪያ በሳይንቲስት እጅ የለም። ሆልምበርግ ሁለት ጋላክሲዎች ተቀራርበው ቢያልፉ ምን ይሆናሉ ብሎ ጠየቀ። እያንዳንዱ ኮከብ ሌሎቹን ሁሉ በስበት ይጎትታል፤ ይህን በእጅ ማስላት እብደት ነው። ታዲያ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ነውና መላ ዘየደ። የስበት ጉልበት ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የአምፖል ብርሃንም እንዲሁ። ስለዚህ በኮከብ ፈንታ አምፖል!

ለአንዱ ጋላክሲ 37፣ ለሌላው 37፣ በድምሩ 74 አምፖሎች ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። በእያንዳንዱ አምፖል ቦታ ብርሃን የሚለካ ፎቶሴል እያስቀመጠ ከየትኛው ወገን ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጣ ለካ፤ ያ ብርሃን የጉተታው መጠን ነው። ከዚያ አምፖሉን ጉተታው ወደሚወስደው አቅጣጫ ትንሽ አንቀሳቀሰ፤ እንደገና ለካ፤ እንደገና አንቀሳቀሰ። ውጤቱ ሁለት ነገር አሳየ። ተቀራርበው የሚተላለፉ ጋላክሲዎች ቅርፃቸው ይዛባል፤ የእንቅስቃሴ ጉልበታቸውንም ያጣሉና አንዱ ሌላውን ሊያስቀር ይችላል። ሁሉም ነገር ጠረጴዛው ላይ ነበር። ግን ብዙ ሰው ሳያነሣው ወደ ሠላሳ ዓመት አለፈ።

በካሊፎርኒያ ደግሞ ፍሪትዝ ዝዊኪ ነበር፤ በ1933 በዓይን የማይታይ ቁስ ጋላክሲዎችን አስሮ ይዟል ብሎ የተከራከረው ያው ሰው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በጋላክሲዎች መካከል የተዘረጉ ድልድዮችንና ጭራዎችን በፎቶ እያሳየ «ይህ የስበት ሥራ ነው» አለ። ዝዊኪ ምላሱ ስለታም፣ ጠቡ ብዙ ነበር፤ ሰው ሲጠላ ደግሞ ሐሳቡም አብሮ ይጠላል።

ሁለት አትላሶች፣ በሁለት ጎራ

ቀዝቃዛው ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ፣ ለእነዚህ የተናቁ ጋላክሲዎች ሁለት አልበም ተዘጋጀላቸው። በ1959 የሞስኮው ቦሪስ ቮሮንትሶቭ ቬልያሚኖቭ እርስ በርስ የሚነካኩ የሚመስሉ 355 ጋላክሲዎችና ስብስቦችን የያዘ አትላስ አወጣ። ደስ የሚለው፣ የለቀማቸው ከአሜሪካኖቹ ከፓሎማር የሰማይ ፎቶዎች ላይ ነው። በ1966 ደግሞ እዚያው ፓሎማር ላይ የሚሠራው ሃልተን አርፕ «የልዩ ጋላክሲዎች አትላስ» የተባለውን አሳተመ፤ 338 ፎቶዎች። የሮስ ኤም 51 በዚህ መዝገብ 85ኛ ነው። ረጅም ጭራ ያላቸው «አይጦቹ» 242ኛ፣ ሁለት ቀጭን ጭራ እንደ ነፍሳት ቀንድ የዘረጉት «አንቴናዎቹ» 244ኛ ናቸው።

አርፕ ማንንም ወደ ጥግ አልገፋም። ተመራማሪ ጋላክሲን ላብራቶሪ አስገብቶ ሊያጋጨው አይችልም፤ እነዚህ የተዛቡት ግን ተፈጥሮ ራሷ የሠራቻቸው ሙከራዎች ናቸው ብሎ አመነ።

ይሁንና አልበሙን ማዘጋጀት ሌላ፣ ታሪኩን ማንበብ ሌላ ነው። ቮሮንትሶቭ ቬልያሚኖቭ ስበት ብቻውን እንዲህ ያለ ቀጭን ጭራ ይሠራል የሚለውን አልተቀበለም። የአርሜኒያው ቪክቶር አምባርትሱምያን ጋላክሲዎች ከመሐላቸው ፈንድተው ይከፋፈላሉ የሚል ሐሳብ ነበረው። መግነጢስ ነው ያሉም አሉ። ጥርጣሬው ሞኝነት አልነበረም። የጨረቃ ስበት ባሕራችንን ሲጎትት የምናየው ሰፊና ለስላሳ እብጠት ነው፤ እንዴት አድርጎ መቶ ሺህ የብርሃን ዓመት የሚረዝም ክር ይፈትላል?

ሁለቱ ወንድማማቾች

መልሱ የመጣው ከሁለት ስደተኞች ነው። አላር እና ዩሪ ቶምሬ ኢስቶኒያ ተወለዱ፤ በ1944 በጦርነቱ ምክንያት ቤተሰባቸው ወደ ጀርመን ሸሸ፤ በ1949 አሜሪካ ገቡ። አላር በኤም አይ ቲ የሒሳብ መምህር ሆነ፣ ዩሪም ወደ ሥነ ፈለክ ገባ። በ1972 ሁለቱ ወንድማማቾች «የጋላክሲ ድልድዮችና ጭራዎች» የሚል ጽሑፍ አሳተሙ።

ያደረጉት ቀላል ነው። የጋላክሲን ክብደት በሙሉ መሐል ላይ አንድ ነጥብ አደረጉት። በዙሪያው ክብደት የሌላቸው ጥቂት መቶ ነጥቦችን እንደ ኮከብ በቀለበት በቀለበት አሰለፉ። ሌላ ከባድ ነጥብ በአጠገቡ አሳለፉና ኮምፒዩተሩ እንዲያሰላ ለቀቁት። ፍንዳታ የለም፣ መግነጢስ የለም፤ ስበት ብቻ። ነጥቦቹ ግን ተዘርግተው ክር የሚያህል ጭራ ሆኑ።

ምስጢሩ አካሄዱ ላይ ነው። እንግዳው ጋላክሲ ቀስ ብሎ፣ የባለቤቱ ኮከቦች በሚዞሩበት አቅጣጫ ካለፈ ጉዳቱ ይበረታል። ፒያሳ መንገድ ላይ ወደ እኛ አቅጣጫ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመን «ሰላም ነው?» ብለን እናልፋለን፤ ወደምንሄድበት የሚሄድ ከሆነ ግን እስከ አራት ኪሎ አብሮን ይወርዳል፣ ወሬውም አያልቅም። ኮከቦቹም እንደዚሁ ናቸው፤ ከእንግዳው ጋር አብረው የሚጓዙት ለረጅም ጊዜ ይጎተታሉ። በቅርብ በኩል ያሉት ወደ እንግዳው ተስበው ድልድይ ይሆናሉ። በሩቅ በኩል ያሉት ደግሞ መሐሉ ከሥራቸው እየተጎተተ ሲሄድ ወደ ኋላ ቀርተው ጭራ ይሆናሉ። ወንድማማቾቹ በዚህ መንገድ «አይጦቹን»፣ «አንቴናዎቹን» እና ኤም 51ን ከነጎረቤቷ መልሰው ሠሩ። በሮስ ሥዕል ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ የኖረችው ትንሿ ብርሃን የተጠየቀችው ያኔ ነው።

«ግጭት» የሚለው ቃል እንዳያሳስተን። ፀሐይን በብርቱካን መጠን አሳንሰን አዲስ አበባ ብናስቀምጣት፣ ቅርቡ ኮከብ ያለው 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው፤ ከዳሬ ሰላም እንኳ አለፍ ይላል። ጋላክሲዎች እርስ በርስ ሲያልፉ ኮከብ ከኮከብ ጋር አይላተምም ማለት ይቻላል። የሚጋጨው ጋዙ ነው፤ ተጨፍልቆም አዳዲስ ኮከቦችን በብዛት ይወልዳል። የሚዛባው ደግሞ የጋራ ቅርፁ ነው።

አላር ቶምሬ በ1977 ከዚህም አለፈ። ከተለያየ የውህደት ደረጃ ላይ ያሉ 11 ጥንዶችን ደረደረ፤ ገና ከሚነካኩት ጀምሮ አንድ ሊሆኑ እስከተቃረቡት። ከዚያ ሂሳብ ሠራ። አንድ ውህደት ከዩኒቨርስ ዕድሜ አንጻር አጭር ጊዜ ነው። አሁን በዓይናችን ፊት ይህን ያህል ካሉ፣ ባለፉት ቢሊዮን ዓመታት ስንቶቹ ተዋህደው አበቁ? የተዋሃዱትስ የት ገቡ? ጥምዝ ክንዳቸው ተደምስሶ ሞላላ ሆነው ይሆናል አለ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሃብል በሹካው እጀታ ላይ በክብር ያስቀመጣቸው ሞላላዎች የእነዚያ የተናቁት የነገ ፊት ሆኑ ማለት ነው። ዛሬ ትልልቆቹ ሞላላ ጋላክሲዎች በአመዛኙ በውህደት ያደጉ ናቸው የሚለው የብዙኃኑ ተመራማሪዎች አቋም ነው።

የአልበሙ ባለቤት ዕጣ

የአርፕ ነገር ግን አሳዛኝ ነው። ከእኛ የሚርቅ ጋላክሲ ብርሃኑ ወደ ቀይ ያዘነብላል፤ ርቀትም የሚገመተው በዚያ ነው። አርፕ አንዳንድ ጋላክሲዎችና ኳዛሮች የቅላታቸው መጠን ፈጽሞ የተለያየ ሆኖ ሳለ ጎን ለጎን ተያይዘው ይታያሉና ቅላት የርቀት መለኪያ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ይህ የዘመናዊውን ሥነ ፈለክ መሠረት የሚነካ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፓሎማር ቴሌስኮፕ የመጠቀሚያ ጊዜ ተነፈገው፤ ወደ ጀርመን ሄዶ ማክስ ፕላንክ ተቋም ውስጥ ሠራ፤ በ2013 እዚያው አገር አረፈ።

ማስረጃው እያደር አርፕን አልደገፈውም፤ ቅላት ርቀትን ይናገራል። ከዚህ ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛ፣ ከመስመር የወጣውን መውደድ ብቻውን ትክክለኛ አያደርግም። ሁለተኛ፣ የተሳሳተ ሰው የሠራው ሁሉ ስሕተት አይደለም። የዛሬ ተመራማሪዎች የአርፕን መደምደሚያ ትተው በቁጥሮቹ ይጠራሉ፤ «አርፕ 244»፣ «አርፕ 273» እያሉ። እኛ አገር ግን ሰውዬው በአንድ ነገር ከተሳሳተ መጽሐፉን፣ ሥራውን፣ አንዳንዴም ስሙን አብረን ነው የምንቀብረው።

ቀለበቶቹ

የቀለበቶቹን ታሪክ ሳናነሣ አንሄድም። ዝዊኪ በ1941 ያገኘው «የጋሪ ጎማ» የተባለው ጋላክሲ 500 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ቅርፁ ስሙን ይመስላል፤ ጠርዝ አለው፣ እምብርት አለው፣ በመካከል ዘንጎች አሉት። ማብራሪያው በ1970ዎቹ ተሠራ። አንድ ትንሽ ጋላክሲ በመሐሉ ሰንጥቆ ሲያልፍ ኮከቦቹና ጋዙ ወደ መሐል ይሳባሉ፤ እንግዳው ሲያልፍ ደግሞ ተስፈንጥረው ይመለሳሉ። ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ሲወረወር እንደሚሆነው፣ ማዕበሉ ቀለበት ሆኖ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ በደረሰበትም አዲስ ኮከብ ይወለዳል። በነሐሴ 2022 የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ይህን ጎማ ከነዘንጎቹ አጉልቶ አሳይቶናል።

አርተር ሆግ በ1950 ያገኘው ቀለበት ግን እስከ ዛሬ ያወዛግባል። መሐል ላይ ቢጫ የአሮጌ ኮከቦች ኳስ አለ፤ ከዚያ ባዶ የሚመስል ክፍተት፤ ከዚያ ፍጹም የሚባል ሰማያዊ የወጣት ኮከቦች ቀለበት። በመሐሉ ሰንጥቆ ያለፈ እንግዳ በአካባቢው አይታይም። አንዳንዶች ድሮ ዘንግ ነበረው፣ ዘንጉ ፈርሶ ቀለበቱን ትቶ ሄደ ይላሉ። ሌሎች ሌላ ጋላክሲ ውጦ ነው፤ ሌሎች ደግሞ ከውጭ ጋዝ ስቦ ነው ይላሉ። ስለዚህ «ግጭት» የሚለውም ቃል በተራው ሁሉን የሚውጥ መደብ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ኢንተርኔት ካፌም ይበቃል

በሐምሌ 2007 «ጋላክሲ ዙ» የሚባል ድረ ገጽ ተከፈተ። ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ የጋላክሲ ፎቶዎች ነበሩ፤ ቅርፅን በመለየት ደግሞ የዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ከሰው ዓይን አይስተካከልም ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ ተጠራ፤ ዲግሪ አይጠየቅም። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 150 ሺህ ሰዎች ከ50 ሚሊዮን በላይ ምላሽ ሰጡ። ሃኒ ቫን አርከል የተባለች ሆላንዳዊት መምህርት አንድ ፎቶ ላይ ጥግ የያዘ እንግዳ ጉድፍ አይታ «ይሄ ምንድነው?» ብላ ጠየቀች። ነገሩ አጠገቡ ካለው ጋላክሲ በወጣ ኃይለኛ ብርሃን የተለኮሰ ጋዝ ሆኖ ተገኘ፤ ጋዙም የድሮ ግጭት ጭራ አካል እንደሆነ ይገመታል። መብራቱ ጠፍቷል፤ ጋዙ ግን ገና ያበራል። የብዙ ሰው ዓይን የሚያልፈውን ጉድፍ ያላለፈች መምህርት ስሟ ከዚያ ነገር ጋር ለዘላለም ተያይዟል።

እኛስ?

የፎቶው ውብ ጥምዝ የኛው ፍኖተ ሐሊብ እንኳ ንጹህ ሆኖ አልተገኘም። በ1994 ሳጂታሪየስ የምትባል ትንሽ ጋላክሲ እየበጣጠሰ ሲውጥ ተይዟል። በ2018 ደግሞ ጋያ የተባለችው ሳተላይት በለካችው የኮከቦች እንቅስቃሴ፣ ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንድ ትልቅ ጋላክሲ ውጦ እንደነበር ታወቀ። ከፍኖተ ሐሊብ ኮከቦች አንዳንዶቹ መጤዎች ናቸው ማለት ነው።

ወደፊትስ? በ2012 የሃብል ቴሌስኮፕ ልኬት ከ4 ቢሊዮን ዓመት በኋላ ከአንድሮሜዳ ጋር መላተማችን አይቀርም አሰኝቶ ነበር። በ2025 የወጣ ጥናት ግን የአጎራባቾቹን ጉተታ ጨምሮ ሲያሰላ፣ በመጪዎቹ 10 ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ የመዋሃዳችን ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው አለ። የ«ኢትዮጵያዊቷ» ልዕልት ነገር ገና አልቆረጠም።

እንግዲህ ከመቶ ሦስቱ ያስተማሩን ይህ ነው። ጋላክሲ ደሴት አይደለም፤ ቅርፁ ከማን ጋር እንደተገናኘ የተጻፈበት ታሪኩ ነው። ቀጥ ያለውና ያማረው ታሪኩን ደብቆ ይዟል፤ የተዛባው ግን ገና በፊቱ ላይ ይነበብበታል። በምንሠራው መዝገብ፣ በምናወጣው አማካይ፣ በምንሰጠው ስም ሁሉ «ሌሎች» የሚል አንድ ሣጥን መጨረሻ ላይ አለ። ቅጹን ሞልተን ከመዝጋታችን በፊት እስኪ አንዳንዴ ከዚያ ሣጥን እንጀምር።

ቸር እንሰንብት።